50 ኪሎ ሜትር ሩቅ ነው ወይ?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ባለቤትሽ በየቀኑ ከተማ ነው የሚሠራው። አንቺ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢሮ ትገቢያለሽ። ሁለት ልጆች አሏችሁ። ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ላይ ባለች ትንሽ የገጠር ከተማ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ልትገዙ ነው። «እየተመላለሱ መኖር ይቻላል ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ እንዲህ ካለች ከተማ እየተመላለስኩ ስኖር ይኸው ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ይቻላል። ግን ወደ ውሉ ከመሄዳችሁ በፊት የምነግርሽ አለኝ።

ኪሎ ሜትሩን ተይውና ሰዓቱን ያዢ። ቤቱን ያያችሁት እሁድ ረፋድ ላይ ከሆነ (ሻጭ ሁሌ በዚያ ሰዓት ነው የሚቀጥረው) መንገዱ 45 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሰኞ ጠዋት ያው መንገድ ሰዓት ከሩብ ይሆናል። የከተማው መግቢያ ላይ ያሉት የመጨረሻዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች ብቻቸውን ግማሽ ሰዓት የሚበሉበት ቀን አለ። ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። የሥራ ቀኑን በዓመት 240 ብንለው 600 ሰዓት ይመጣል። ሌትና ቀኑን ቆጥረሽ 25 ቀን መኪና ውስጥ! መኪናው ደግሞ 24,000 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ጎማውም፣ ዘይቱም፣ ፍሬኑም በዚያው ልክ ነው የሚያልቀው። ቤቱ ረከሰ ስትሉ ይሄንን ደምራችሁ ይሁን።

ቼዛሬ ማርኬቲ የሚባል ጣሊያናዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1994 የጻፈው ነገር አለ። ሰው በእግሩም ሄደ በመኪና፣ በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ነው ለጉዞ የሚያውለው ይላል። በመጀመሪያው ዓመት ይሄን ሳነብ ስቄ ነበር። በሦስተኛው ዓመት አልሳቅኩም።

አቅጣጫውንም እዩ። ከተማችሁ ከትልቁ ከተማ በስተምዕራብ ከሆነች ጠዋት ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ማታ ወደ መጥለቂያዋ ነው የምትነዱት። ሁለቴም ዓይን ውስጥ ትገባለች። በስተምሥራቅ ከሆነች ሁለቴም ከኋላ ናት። ይሄን ማንም አልነገረኝም። እኔ ምዕራብ ነኝ።

ለማንኛውም የሥራውን መንገድ ሰው ይለምደዋል። እኔን ያደከመኝ ሁለተኛው ጉዞ ነው። ቤት ገብተሽ ጫማሽን ካወለቅሽ በኋላ የሚመጣው ማለቴ ነው። የረሳሽው ወረቀት፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣ የጓደኛ ሠርግ፣ ልጅ ማታ የሚለማመደው ኳስ። ከተማ ውስጥ ስንኖር እነዚህን ጉዞ ብለን ቆጥረናቸውም አናውቅም። አሁን ግን እያንዳንዱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ልጆች ትንሽ ሳሉ ግቢው ይበቃቸዋል። 13 እና 14 ዓመት ሲሞላቸው ግን ግቢው ሳይሆን የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ነው የሚያሳስባቸው። እሱን ከአሁኑ ጠይቂ።

ስለ ቤቱ ባጭሩ። የፍሳሽ ጉድጓዱ መቼ እንደተመጠጠ ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ መመጠጥ አለበት። ውሃው የጉድጓድ ከሆነ አስመርምሩት። ኢንተርኔቱን ደግሞ በረንዳ ላይ ቆመሽ ሳይሆን የምትሠሪበት ክፍል ውስጥ፣ ማታ ሰው ሁሉ ሲጠቀም ሞክሪው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እኔና ባለቤቴ ሳይነጋ ወጥተን ከመሸ ነበር የምንገባው። ቅዳሜም የጎደለንን ለመግዛት ከተማ። ሰዉ መኪናችንን እንጂ እኛን አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ልጃችን ትምህርት ቤት እያለች በጣም አተኮሳት። ተደወለልን። ሁለታችንም ከተማ ነበርን። የትምህርት ቤቱ ቅጽ ላይ «እኛ ካልተገኘን የሚደወልለት» በሚለው ቦታ የጻፍነው እህቴን ነው። እሷም ከተማ! ከሰዓት በላይ ፈጅቶብን ስንደርስ፣ ሁለት ቤት አልፈው ያሉት እናት ልጅቷን ወስደው አስተኝተዋታል። የልጅ ልጃቸው እዚያው ስለሚማር ሊወስዱት ሄደው ነው ያዩዋት። ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር። እንዴት እንዳፈርኩ!

ከዚያ በኋላ ቅዳሜን ለከተማ መስጠት አቆምኩ። ፀጉሬን እዚሁ እቆረጣለሁ፣ መኪናዬን እዚሁ አሠራለሁ። የሌለ ዕቃ ካለ ለሳምንት ይቆይ። እውነቱን ለመናገር ጋራዡ ከከተማው ይዘገያል። ግን ባለቤቱ አሁን በስሜ ነው የሚጠራኝ። ቅጹ ላይ ያለው ስልክ ዛሬ የእነዚያ እናት ነው።

እናንተም ያን መስመር የምትሞሉበት የአካባቢው ሰው እስክታገኙ ድረስ፣ አንቺ ቢሮ የምትገቢበት ቀን ባለቤትሽ ቤት የሚውልበት ቀን እንዲሆን አለቃውን ይጠይቅ።