የፍላፑ ጫፍ ጠቆረ ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። «የወንድሜን እጅ ማሽን ጎድቶት ከብሽሽቱ ፍላፕ (ከነደም ሥሩ ተነሥቶ ቁስሉ ላይ የሚሰፋ ቆዳ) ተሠራለት። ሁለተኛ ቀኑ ነው፣ ጫፉ ጠቁሯል። የጠዋቱን ሐኪም እንጠብቅ ወይ?» ብለሻል። አትጠብቂ። አሁኑኑ ተረኛውን አስጠሪ። ቀሪውን ከዚያ በኋላ ታነቢዋለሽ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። እዚሁ ጅማ ቡና መፈልፈያ ላይ ስሠራ ማሽኑ የግራ እጄን ጀርባ ገፈፈው። አጥንቱ ታየ። ከጭን ተልጦ የሚለጠፈው ስስ ቆዳ ባዶ አጥንት ላይ አይዝም አሉኝ፤ ከሥር ደም የሚያቀብለው የለማ። ፍላፕ ግን የራሱን የደም ሥር ይዞ ነው የሚመጣው። እናም እጄን ከብሽሽቴ ጋር ሰፍተው 3 ሳምንት አስተኙኝ። እጁን ኪሱ ከትቶ የተኛ ሰው አስቢ።

በሁለተኛው ሌሊት የኔም ጠቆረ። ያየችው እናቴ ናት። አንዱ መጥቶ «ጠዋት ይታያል» ብሎ ሄደ። እናቴ ግን ነገሩን በቀላሉ የምትተው ሴት አይደለችም፤ ኮሪደሩን አምሳ ጊዜ ተመላልሳ ሌላ ነርስ ይዛ መጣች። ነርሷ ፋሻው እንደጠበቀ፣ ክንዴም ተንሸራቶ የፍላፑ ሥር እንደታጠፈ አየች። ሐኪሙን ጠርታ ፋሻውን ፈቱት፣ ክርኔ ሥር ትራስ አደረጉ። ቀለሙ ቀስ በቀስ ተመለሰ። በመጨረሻ የሞተብኝ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጠርዝ ብቻ ናት።

ነርሷ ለእናቴ ያሳየቻት ይህን ነው። ፍላፑን በጣትሽ በቀስታ ተጭነሽ ልቀቂው። ቀለሙ በ2 ሰከንድ አካባቢ ቢመለስ ደህና ነው። አብጦ፣ ጠቁሮ፣ ስትለቂው በቅጽበት ከተመለሰ ደም ይገባል እንጂ መውጫ አጥቷል። ገርጥቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ከ3 ሰከንድ በላይ ከቆየ ደግሞ ደሙ እየገባ አይደለም። ሁለቱም ያስጠራል። የኛ ቆዳ ጠይም ስለሆነ ለውጡ ቶሎ አይለይም፤ ከጎኑ ካለው የሆድ ቆዳ ጋር አስተያዪው። በአንድ ዓይነት መብራት ፎቶ እያነሳሽ ብታስቀምጪ ለሐኪሙም ይጠቅማል። ፋሻውን ግን ራስሽ እንዳትፈቺው።

መውጫ ላጣ ደም በሌላ አገር አልቅት ይለጥፋሉ፣ የተጠራቀመውን እንዲመጥ። አደራ፣ ከወንዝ አምጥተሽ እንዳትለጥፊ! የነሱ ለሕክምና ተብሎ የሚረባ ነው፣ አንቲባዮቲክም አብሮ ይሰጣል።

የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ። ብርድ የደም ሥር ያኮማትራል፣ ስለዚህ መላ ሰውነቱን በብርድ ልብስ ሸፍኚው። ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ግን ፍላፑ ላይ በፍጹም! አይሰማውም፣ ሳታውቂው ይቃጠላል።

አሁን የማይወደድ ነገር ልናገር። ወንድምሽ ሲጋራ ያቁም፣ አጠገቡም አይጨስ። ጫትም እንዲሁ፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን የደም ሥር ያጠብባል። የኔ ጠያቂዎች «እንዳይደብርህ» እያሉ እቅፍ ሙሉ ይዘው ይመጡ ነበር፤ እናቴ በር ላይ ትቀበላቸውና የት እንደምታደርሰው እንጃ። ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ሐኪም ካልከለከለው።

ጫፉ ብቻ ቢሞት ፍላፑ ሁሉ ሄደ ማለት አይደለም። የኔን ጠርዝ በኋላ ቆርጠው አጸዱት፣ ከሥሩ ቁስሉ ራሱ ሞላው። ትከሻዬና ክርኔ ግን ከ3 ሳምንት በኋላ እንደ እንጨት ደርቀው ነበር። ስለ ፊዚዮቴራፒ ከአሁኑ ጠይቂ። ሐኪሙ ምን እንዳለሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን ስልኬን አያለሁ።