ታሪክን፣ ሥነ ጽሑፍንና ሥዕልን አብሮ ለማስተማር

ሰላም መምህር። ሦስቱን በአንድ ክፍለ ጊዜ የማስተምርበት ነፃ ነገር ኢንተርኔት ላይ የት አገኛለሁ ብለዋል። እኔ ብሆን ከኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ድረ ገጽ እጀምራለሁ። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ምስል በነፃ ለቋል። እዚያ ከ600 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ፣ ሥዕል ያለበት የኢትዮጵያ ወንጌል አለ። ምስሉን አጉልተው ያሳዩአቸው። ትልልቆቹ ዓይኖች፣ ቀለሙ፣ ብራናው ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። መጀመሪያ ዝም ብለው ይዩት፤ ማብራሪያው ይደርሳል። ፊደሉን ለማንበብ መሞከራቸው አይቀርም፤ ያኔ ግዕዙን ይጀምሩላቸው።

ለጽሑፉ ደግሞ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ምስል በድረ ገጹ ለማየት መመዝገብ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ምስሎች ግን ከማይክሮፊልም (ገጾች በትንሹ ፎቶ ከሚነሱበት ፊልም) የተወሰዱ ጥቁርና ነጭ ስለሆኑ ለሥዕል ትምህርት አይመቹም። ኔትወርክ አይታመንምና የሜትሮፖሊታኑን ምስሎች ማታውኑ ዳውንሎድ አድርገው ይግቡ።