ፍልፈል እንዴት ከመሬት በታች ይኖራል? ጥያቄና መልስ

ፍልፈል የሚቆፍረው በጥፍሩ ነው በጥርሱ?

የኛ የደጋው ፍልፈል በጥርሱ ነው። ከንፈሩ ከፊት ጥርሶቹ ኋላ ስለሚገጠም አፉን ዘግቶ ይቆፍራል፤ አፈር አይገባበትም። ጥርሱ በአፈር ቢበላም ዕድሜ ልኩን ያድጋል። የላላውን አፈር በእግሩ ወደ ኋላ ጠርጎ፣ ዞሮ በጭንቅላቱ እየገፋ ያወጣዋል። ማሳ ላይ የምናየው ቁልል ይሄ ነው።

በቆላ ያለው ጸጉር አልባው ፍልፈል ዘመዱ ነው?

የቅርብ ዘመዱ አይደለም። የደጋው የሚቀርበው በእስራኤልና በአካባቢው ላለው ዕውር ፍልፈል ነው፤ ጸጉር አልባው ደግሞ ለጃርት ይቀርባል። ይህን እንስሳ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1842 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ከሸዋ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ታዲያ ለምን ይመሳሰላሉ?

ችግራቸው አንድ ስለሆነ ነው። በአንድ የአሜሪካ ቆፋሪ አይጥ ላይ ተሠርቶ በ1979 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ሜትር መቆፈር ያንኑ ርቀት በምድር ላይ ከመሄድ ከ360 እስከ 3,400 እጥፍ ጉልበት ይፈጃል። የዋሻው ወርድ በእጥፍ ቢጨምር የሚወጣው አፈር አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ድብልብል ገላ፣ አጭር እግርና ጅራት፣ የማይንጠለጠል ጆሮ ያለው ይተርፋል።

ዓይኑ የደከመው ስላልተጠቀመበት ነው?

አይደለም፤ ባለመጠቀም የመጣ የአካል ድካም በዘር ይወረሳል ማለት ስህተት ነው። ጨለማ ውስጥ ዓይኑ ደካማ ሆኖ የተወለደውም እኩል ይኖራል፣ ይወልዳል፤ ጉድለቱን የሚያጠራ ነገር የለም። ዕውሩ ፍልፈል ዓይኑ በቆዳ ተሸፍኗል፤ ያም ሆኖ ቀንና ሌሊትን ይለይበታል።

እዚያ ውስጥ አይታፈንም?

ጸጉር አልባው የሚደንቅ ነው። በ2017 በታተመ ሙከራ ምንም ኦክስጅን በሌለበት 18 ደቂቃ ቆይቶ ተርፏል፤ ተራ አይጥ በ1 ደቂቃ ገደማ ሞተ። ልቡና አንጎሉ ያለ ኦክስጅን በፍሩክቶስ ስኳር መሥራት ይችላሉ።

እንሰቴንና ድንቼን ጨረሰብኝ። ጭስ ብሞክር አልሠራም፤ ምን ላድርግ?

ጭስ የማይሠራው ፍልፈሉ ሲሸተው መንገዱን በአፈር ስለሚደፍነው ነው። ያው ጠባዩ ግን መያዣው ይሆናል። መጀመሪያ አፈሩ ገና እርጥብ የሆነ ቁልል ይፈልጉ፤ የደረቀ ቁልል የተተወ መንገድ ሊሆን ይችላል። በሁለት ትኩስ ቁልሎች መካከል በሹል እንጨት እየወጉ ይሞክሩ፤ እንጨቱ ድንገት ሲሰምጥ መንገዱን አግኝተዋል። የምግብ ፍለጋ መንገዱ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ይክፈቱት። ሊደፍነው ይመጣል፤ ከየት በኩል እንደሚመጣ ስለማይታወቅ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ከጎበጠ ለምለም እንጨት ጋር የታሰረ የገመድ ወጥመድ ያስገቡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወጥመዱን በከፈተው ቀዳዳ አፍ ላይ ሲያደርግ ነው። ፍልፈሉ አፈር ከፊቱ እየገፋ ስለሚመጣ ገመዱን ቀብሮት ይመለሳል። አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ይግባ። ብቻውን ስለሚኖር አንዱን ከያዙ ያ መንገድ ባዶ ነው፤ ሳይደፍኑ ከተዉት ግን ጎረቤቱ ይወርሰዋል። የእህል መድኃኒት ክኒን ጉድጓድ ውስጥ መጣል ግን አይሞከር፤ ጋዙ ሰው ይገድላል።

የባሌውም እንዲሁ ይያዛል?

እባክዎ እሱን አይንኩት። በሳነቴ አምባ ያለው ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች ውጭ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም፤ የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብም እሱ ነው። ዓይኖቹ ወደ ራሱ አናት የወጡ ናቸው፤ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ዙሪያውን ያያል፣ ኋላውን ከቀዳዳው ሳያርቅ ሣሩን ያጭዳል፣ ተመልሶ ይገባና ቀዳዳውን ይደፍናል። ቀበሮው አድፍጦ የሚጠብቀው ያችን ጥቂት ጊዜ ነው።