መልስ፦ ዓይን ጥግ ለጀመረ መሸብሸብ

እህቴ፣ «36 ዓመቴ ነው፣ ድሬ ነው የምኖረው፣ ዓይኔ ጥግ መሸብሸብ ጀመረ፣ የቱን ክሬም ልግዛ?» ብለሻል። ክሬሙ ይቆይ፤ መጀመሪያ ፀሐይዋን እንያዝ።

ቆዳን ያለ ዕድሜው ከሚያስረጁት ነገሮች ዋናው ፀሐይ ነው። የድሬን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ከከዚራ ዛፎች ጥላ ወጥተሽ ቀፊራ እስክትደርሺ ፊትሽ ይግላል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ተቀቢ። አትሰስቺ። በሌባ ጣትሽና በመሃል ጣትሽ ላይ ከጫፍ እስከ ሥር ሁለት መስመር አውጪ፤ ያ ለፊትና ለአንገት ነው። አንገትን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን! ውጭ ከዋልሽ በየ2 ሰዓቱ ድገሚው። «ጠይም ቆዳ አያስፈልገውም» የሚሉሽን አትስሚ። ማድያት የሚበረታው እኛ ላይ ነው።

ማታ ለስላሳ በሆነ ማጽጃ ታጠቢ፣ ፊትሽ ሳይደርቅ ማለስለሻ ተቀቢ። ይህን ስትለምጂ ሬቲኖል (ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ የቆዳ ክሬም) ጨምሪ፦ የአተር ፍሬ የምታህል፣ በደረቀ ፊት፣ በሳምንት 2 ማታ። መጀመሪያ ሊልጥሽ ይችላል፤ ለውጡን ለማየት ወራት ታገሺ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ ካሰብሽ ግን አትንኪው።

ቃሲል (ፊት የሚታጠቡበት የቅጠል ዱቄት) ከወደድሽ ተጠቀሚ፣ ግን አትፈትጊው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት የሚያቀላ ክሬም አትግዢ። ስቴሮይድ (ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይቀባ መድኃኒት) ያለበት ለጊዜው ፊትን ያበራል፣ እያደር ቆዳን ያሳሳል። የአክስቴ ልጅ ጉንጭ ላይ ቀጫጭን ደም ሥሮች ወጥተው ሳይ አልቅሻለሁ። አሁን የቆዳ ሐኪም ጋ እየተመላለሰች ነው።