የኮንዶሚኒየም ጣጣ፦ ፓምፕ፣ ሙቀጫ እና የማኅበር መዋጮ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የኮንዶሚኒየም ናቸው። የተወሰኑትን አሳጥሬ አቅርቤያለሁ።

«የምኖረው ጀሞ፣ ምድር ላይ ነው። ውሃ ከመስመር በቀጥታ ይደርሰኛል። ኮሚቴው ግን ፓምፑ ተቃጠለ ብሎ አዋጣ ይለኛል። ለማልጠቀምበት ነገር ለምን እከፍላለሁ?»

ይሄ ጥያቄ ያልተነሳበት ብሎክ ያለ አይመስለኝም። ንዴትዎ ይገባኛል፤ ግን መክፈል አለብዎት። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሕንፃውን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ የግልዎ የሆነው ቤት ነው፤ ሌላው የሁሉም ነው። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው፣ ዋናው የውሃና የፍሳሽ መስመር የሁሉም ነው። ለጋራው ወጪ ደግሞ እያንዳንዱ ባለቤት እንደ ድርሻው ያዋጣል።

እስኪ ነገሩን ገልብጠው ይዩት። አራተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤትዎ «ማንሆል ቢደፈን እኔ ምን አገባኝ?» ቢሉስ? ፍሳሽ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወጣው በእርስዎ ሽንት ቤት ነው። ከላይ የሚደፋው ዘይት፣ የሊጥ እጣቢውና ሶፍቱ ሁሉ እርስዎ ጋ ነው የሚጠራቀመው። የዚያን ቀን ማንሆሉን የሚያስጠርገው ገንዘብ ከነሱም ኪስ ይወጣል።

ኮሚቴውንም ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ፓምፑ ለምን ተቃጠለ? ብዙ ጊዜ ፓምፕ የሚቃጠለው ያለ ውሃ ሲሠራ ነው። ውሃ በመስመር አልመጣም፣ የታችኛው ሮቶ ባዶ ነው፣ ጥበቃው ደግሞ ማብሪያውን ተጭኖ ወደ በሩ ተመልሷል። ውሃው ሲጎድል ራሱ የሚያጠፋ ፍሎት ቢገጠምለት ኖሮ ለሞተር ጥቅለላ ከሚወጣው ገንዘብ ብዙው ይቀር ነበር። ስለዚህ ይክፈሉ፤ ግን ፍሎት መገጠሙን ይጠይቁ፣ ደረሰኙንም ይዩ። ደረሰኝ መጠየቅ ጠብ አይደለም።

«ሰሚት ነን። ከኛ በላይ ያሉት እናት ቡና የሚወቅጡት ሌሊት ነው። ብናገራቸው ተቀየሙኝ።»

ኮንክሪት ድምፅ አይውጥም፤ ያስተላልፋል። ሙቀጫው ሥር ወፈር ያለ ጎማ ወይም የታጠፈ ምንጣፍ ቢገባ ጩኸቱ ይቀንሳል። ጎማውን እርስዎ ገዝተው ይዘውላቸው ይሂዱ። ለኮሚቴ ከመክሰስ ይሄ ይሻላል፤ ቡናውም ሳይጠጡ አይመለሱም። በነገራችን ላይ ብዙ ሳይት ላይ የጋራ መገልገያ ቤት የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ፣ ለልብስ አጠባና ለበዓል እርድ ጭምር ነበር። የናንተው ተከራይቶ ከሆነ ኪራዩ የት እንደሚገባ በስብሰባ ላይ ይጠይቁ።

«ነዋሪነቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አያት ያለውን ቤቴን አከራይቻለሁ። ተከራዬ የማኅበሩን መዋጮ አልከፍልም ይላል። ኮሚቴው እናቴን ያስጨንቃታል።»

የማኅበሩ አባል ባለቤቱ ነው። ኮሚቴው የሚጠይቀው እርስዎን እንጂ ተከራዩን አይደለም፤ እናትዎን ደግሞ ጭራሽ አይደለም። የወር ጥበቃና ጽዳት በተከራዩ ይሸፈን ብላችሁ መዋዋል ትችላላችሁ። ጣሪያና ፓምፕ ግን የእርስዎ ዕዳ ነው። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብም ስለሚል «በቃል ተስማምተናል» ከእንግዲህ አያዋጣም። ወንድምዎን ወይም እህትዎን በኤምባሲው በኩል ወክለው፣ ደንባችሁ ከፈቀደ፣ በስብሰባው ድምፅ እንዲሰጡልዎ ያድርጉ። ብዙ ብሎክ ላይ ጉባኤ የማይሞላው ባለቤቶቹ ባሕር ማዶ ስለሆኑ ነው።

«የካ አባዶ። ጎረቤታችን ከበረንዳው ፊት ያለውን ቦታ አጥሮ ጎመን ዘራ። አሁን ደግሞ ቆርቆሮ አስገብቷል።»

ጎመኑን ጉባኤው በጽሑፍ ይፍቀድለት፤ ከአቧራ ጎመን ይሻላል። ቆርቆሮው ግን ይነሳ። ቦታው የሁሉም ነው። ዛሬ ዝም ካላችሁት ነገ በር ያወጣለታል፣ ከነገ ወዲያ ሱቅ ይሆናል።

«ቱሉ ዲምቱ የማኅበር ሰብሳቢ ነኝ። ግማሹ ሰው አይከፍልም። የማይከፍሉትን ስም ደረጃው መግቢያ ላይ ለጠፍን፣ ነገሩ ባሰ። ውሃ እንቁረጥባቸው?»

አትቁረጡ። ውሃ መቁረጥ የናንተ ሥልጣን አይደለም፤ ከሳሽ የነበራችሁት ሰዎች ተከሳሽ ትሆናላችሁ። የስም ዝርዝሩንም ዛሬውኑ ያንሱት። በሱ ፈንታ የወሩን ሒሳብ ይለጥፉ፦ ይህን ያህል ገባ፤ ለጥበቃ ደመወዝ፣ ለጽዳት፣ ለአምፖል ይህን ያህል ወጣ፤ ባንክ ያለው ይህ ነው። ከግርጌው የገንዘብ ያዡም የኦዲተሩም ፊርማ ይኑርበት። ኦዲተሩ ከኮሚቴው ውጪ የሆነ ሰው ይሁን፤ ቢቻል ኮሚቴውን ሁሌ የሚያማው ሰውዬ ራሱ ይመረጥ።

ስስታም ሰው የለም አልልም። ግን እኔ ካየሁት፣ የማይከፍለው አብዛኛው ሰው ያለፈው ዓመት ብሩ የት እንደገባ ያልተነገረው ነው። ገንዘቡ በሰብሳቢው የግል አካውንት ከሆነማ ባይከፍል አልፈርድበትም። በማኅበሩ ስም አካውንት ክፈቱ፣ ያለ ሁለት ሰው ፊርማ አይውጣ። ፓምፕ በተቃጠለ ቁጥር ከመጯጯህም በየወሩ ትንሽ ትንሽ ለመጠባበቂያ ያዙ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም የማይከፍል ይኖራል። ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት አለው፤ ቃለ ጉባኤውንና የተለጠፈውን ሒሳብ ይዛችሁ ፍርድ ቤት ሂዱ።