ተመራጩ የሳውዲን ሕግ አይቀይረው፣ ታዲያ ምን ብለን እንጻፍለት?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ታናሽሽ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፣ ከፊሏ፣ ማለትም ዋስ ሆኖ ያስገባት አሠሪዋ፣ ወደ ሌላ ቤት አልለቅሽም ብሏታል። «ለምክር ቤት ተመራጫችን ብንጽፍ ምን ዋጋ አለው? የሳውዲን ሕግ እሱ አይቀይረው» ብለሻል። እኔ ጅዳ አምስት ዓመት ሠርቼ በ2006ቱ የሳውዲ ማባረር የተመለስኩ ነኝ። ደሴ ከገባሁ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጽፈናል። የመጀመሪያው ከሸፈ፣ ሁለተኛው ትንሽ ሠራ።

የመጀመሪያው ስድስት ገጽ ነበር! የተደበደበች፣ ደሞዝ የተከለከለች፣ ፓስፖርቷ የተወሰደባት፣ ሁሉንም ዘረገፍነው። ሁሉም እውነት ነው ወላሂ። መጨረሻው ግን «መንግሥት አንድ ነገር ያድርግልን» የሚል ነበር። ሰውየው አንብቦ አዘነ። «የሌላ አገር ሕግ ነው፣ ምን ላድርግ?» አለን። እኛም መልስ አጣን። ቡናችንን ጠጥተን ተበተንን።

ከዚያ ሳውዲ በመጋቢት 2013 ሕጓን አሻሻለች ተባለ። አንድ ዓመት የሠራ ሰው አሠሪውን ሳያስፈቅድ ሥራ መቀየር ይችላል፣ የመውጫ ቪዛም ራሱ ይጠይቃል። ደስ ብሎን ሳንጨርስ ዝርዝሩ ደረሰን። የቤት ሠራተኛ የለችበትም። የግል ሾፌር፣ እረኛ፣ አትክልተኛም የሉበትም። እስቲ ከሰፈርሽ ሳውዲ ያሉትን በጣትሽ ቁጠሪ። ከእነዚህ ሥራዎች ውጭ ስንት ሰው ታገኛለሽ? ወረቀቱ ላይ «ኢትዮጵያዊት አትካተትም» የሚል የለም። የቀረው ማነው ሲባል ግን የእኛው ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው ደብዳቤ በዚህ ብቻ ላይ አረፈ። አንድ ገጽ። ለአዲሱ ተመራጭ በእጁ ያለውን ነገር ጻፍንለት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ላይ፣ አስፈጻሚው የሚዋዋለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው ይላል። ባለሥልጣን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣንም እዚያው አለ። ያኔ በነበረው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 ደግሞ ሠራተኛ በሕጋዊ መንገድ የሚላከው ስምምነት ወዳለበት አገር ነበር። ስለዚህ «ከሳውዲ ጋር ያለው ስምምነት ሲነሳ፣ ሥራ የመቀየርና ያለ ከፊሉ ፈቃድ የመውጣት መብት ለቤት ሠራተኛም እንዲጻፍ ይጠይቁልን፤ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ሲቀርቡም ይህንኑ ያንሱልን» አልን።

ያኔ ሰውየው እስክሪብቶ አወጣ።

ቃል አልገባልንም። ጥያቄውን ግን በጽሑፍ ለቋሚ ኮሚቴው አስገባ፣ ኮፒውንም ላከልን። የሳውዲ ሕግ በዚያ አልተቀየረም፣ አልዋሽሽም። ግን «የሌላ አገር ሕግ ነው» የሚለው መልስ ከዚያ በኋላ አልተሰማም።

ፊርማ ስትሰበስቡ ደሴ ብቻ አትቅሩ። እኛ ከኮምቦልቻም ሰብስበናል፣ መፈረም የማይችሉ እናቶች አሻራቸውን አድርገዋል። እምቢ ያለም ነበር። «ልጄ እዚያ ናት፣ ቂም ይይዙባታል» ያሉትን አላስገደድንም፣ ፍርሃታቸው ልክ ነው። እዚያ ያለች ልጅ ስም ደብዳቤው ላይ አይግባ፣ የታናሽሽም ቢሆን። የእሷን ጉዳይ ለብቻው ለኤምባሲ አመልክቱ። ደግሞ ተቆጥታ ከቤት እንዳትወጣ ንገሪያት። ከፊሉ «ሁሩብ»፣ ማለትም ጠፍታለች፣ ብሎ ካስመዘገባት ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ ዋጋ ሊያጣ ይችላል፣ ጥፋተኛ ተብላ የምትፈለገውም እሷ ልትሆን ትችላለች።

አንድ የሰፈራችን ጋሼ «ጉዞው ይታገድ ብላችሁ ጻፉ» ብለው ተከራከሩን። አክብረን ሰማናቸው፣ አልጻፍነውም። በ2006 ታግዶ እስከ 2010 ቆይቷል። ታዲያ ሰው መሄድ አቆመ እንዴ? በባቲ ወርዶ፣ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ የመን። የአክስቴ ልጅ በዚያ መንገድ ሄዶ ድምፁን የሰማነው ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ጊዜውንም አስቡበት። ምክር ቤቱ ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት እስከ ሰኔ 30 ነው የሚሰበሰበው። ክረምት ላይ ተመራጩ ወደ አካባቢው ሲመጣ በአካል ያዙት። ሁለት ኮፒ ይኑራችሁ፣ አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርም።

ረቂቁን ስትጨርሱ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ። ካልሆነም ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ አለሁ።