ጠዋት የሚጎተት፣ ከሰዓት የሚፈጥን ፑል

የደሴው ወጣት የጻፈልኝ ረዘም ያለ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል።

«ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ስሠራበት የነበረውን ፑል ሐምሌ ላይ ደሴ፣ ፒያሳ አጠገብ ወደተከራየሁት ቤት አመጣሁት። እዚያ እያለ ኳሱ እንደ ልብ ነበር የሚሄደው። እዚህ ግን ጠዋት ጠዋት ይጎተታል፣ ከሰዓት ደህና ይሆናል። በዱላ የምንመታት ነጯ ኳስ ሌላዋን ነክታ ወደ ኋላ መመለስ የሚባል ነገር ጠፍቷል። ቀስ ብለው ሲመቱት ደግሞ መጨረሻው ላይ ወደ አንድ ጥግ ያዘነብላል። አንድ ጠጋኝ መጥቶ እግሩ ስር ካርቶን ሰካ፣ ጨርቁ ላይ የሕፃን ፓውደር ነሰነሰና ሄደ። ኳሶቹን ልቀይር? ለጊዜው ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥዬ ጠረጴዛው ስር አስቀምጣለሁ፤ ቤቱን የሚጠብቀው ልጅም ይሞቀዋል።»

አብሽር ወንድሜ፣ ኳሶቹን አትቀይር። ከኳሱ በፊት ግን የከሰሉን ነገር እንጨርስ። ዛሬ ማታ አውጣው። በተዘጋ ቤት ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲቆም «በቃ ጠራ» እንላለን። አልጠራም። ልጁን መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይጥለዋል። ከዚያ እንቅልፍ ላይነሳ ይችላል። በር ገርበብ ማድረግም አይበቃም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። የጻፍከውን ሳነብ «ጠዋት ጠዋት» የምትለዋ ላይ ቆምኩ። የተበላሸ ኳስ ሰዓት አይለይም። ጠዋት ከተጎተተ ከሰዓትም ይጎተታል። በሰዓት የሚለዋወጠው አየሩ ነው። ስለዚህ ግምቴ ይኸው፤ ጨርቅህ እርጥበት ጠጥቷል። ማዘንበሉ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ ከጭነት መኪናው ጋር የመጣ ይመስለኛል።

ኮምቦልቻና ደሴ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው የሚራራቁት። ግን ሐረጎን ስትወጣ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለህ። ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ናት፣ ጨርቅ ይደርቃል። ደሴ ደግሞ ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ እስከ ረፋድ በር ላይ ይቆማል። የፑል ጨርቅ ብዙ ጊዜ ሱፍ አለበት፣ ሱፍ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። ብርዱ ሲጨመር የዳር ጎማውም ይደነድናል፤ ኳሱን እንደ ድሮው አይመልስም።

የነጯ ወደ ኋላ አለመመለስም ከዚሁ ይመጣል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የምወደው ነገር ነውና። ኳስ ሲመታ ወዲያው የሚንከባለል ይመስለናል። መጀመሪያ ግን ይንሸራተታል። መሃሏን የመታሃት ነጭ፣ እርጥብ ጠረጴዛ ላይ እንደተገፋ ብርጭቆ፣ ሳትዞር ትንሸራተታለች። ከዚያ ጨርቁ ሆዷን እየያዘ ያዞራታል። ሙሉ በሙሉ መንከባለል ስትጀምር ከመነሻ ፍጥነቷ ከ7 እጅ 5ቱ ብቻ ይቀራታል። የሚገርመው፣ ጨርቁ ለስላሳም ይሁን ሻካራ ይህ ልክ አይለወጥም። የሚለወጠው ቦታው ነው። ለስላሳ ላይ ሩቅ ተንሸራትታ ትይዛለች፣ የሚይዝ ጨርቅ ላይ እዚሁ አጠገብህ። ከስር ስትመታት ደግሞ ወደ ኋላ እየዞረች ወደ ፊት ትንሸራተታለች። ያ ዙር ሌላዋን ኳስ እስክትነካ መቆየት አለበት። እርጥብ ጨርቅ መንገድ ላይ ይበላዋል። ነጯ ስትደርስ ዙሩ አልቋል፣ ታዲያ በምን ትመለስ?

ይህ በደንብ የገባኝ አዲስ አበባ እያለሁ ነው። አንድ ቦውሊንግ፣ ከባድ ኳስ ወርውረው የቆሙ ዒላማዎች የሚጥሉበት ጨዋታ፣ ያለበት ቤት ፑል ልጠግን ገብቼ፣ ሥራዬን ትቼ ሲጫወቱ ሳይ ዋልኩ። የቦውሊንግ መንገድ ከመወርወሪያው መስመር እስከ ፊተኛው ዒላማ 18.29 ሜትር ነው። ብዙ ጊዜ የፊተኛው 12 ሜትር ገደማ ዘይት ይቀባል፣ የቀረው ደረቅ ነው። ተጫዋቹ ኳሱን አሹሮ ይለቀዋል። እስከ 7.26 ኪሎ ይመዝናል ያ ኳስ። ዘይቱ ላይ እየሾረም ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል፣ ደረቁ ጋ ሲደርስ ይይዝና ይታጠፋል። ጨዋታው ሲቀጥል ዘይቱ ከአንዱ ቦታ ይሳሳል፣ ወደ ደረቁም ይጎተታል። ያው ሰው፣ በዚያው እጅ፣ ያንኑ ኳስ ወርውሮ ሌላ ቦታ ይመታል። ከላይ ተራ ፕላስቲክ የሆነው ኳስ ብዙም ስለማይይዝ ቀጥ ይላል፤ የሚይዝ ሬዚን የለበሰው ደግሞ ደረቅ ሲያገኝ በኃይል ይታጠፋል። አንድ ሰውዬ ሦስት ኳስ ቀያይሮ ሲበሳጭ አይቻለሁ። መንገዱን ጎንበስ ብሎ አላየውም። ያንተ የጠዋት ጨርቅ እንደዚያ ደረቅ ጫፍ ማለት ነው፤ ቶሎ ይይዛል።

ግምቴን ራስህ ፈትነው። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የአሉሚኒየም አንግል ፈልግ። አንዱን ጫፍ በአንድ ጠመኔ ከፍ አድርገህ እንደ ቦይ አስተኛው። ነጯን ከላይኛው ጫፍ ሳትገፋ ልቀቃት። የቆመችበትን በክር ምልክት አድርግ። ጠዋት በአንድ ሰዓትና ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት፣ በዚያው ቦታ። ከሰዓት ከአንድ ክንድ በላይ ራቅ ካለች እርጥበት ነው።

በዚያው አንግል ማዘንበሉንም እይ። ወዲህም ወዲያም ልቀቃት። ሁለቱንም ጊዜ ወደዚያው ግድግዳ ካጋደለች ጠረጴዛው ዘሟል። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ድንገት አቅጣጫ ከለወጠች፣ ከጨርቁ ስር የተደረደሩት የድንጋይ ሰሌዳዎች መገጣጠሚያ ተነቃንቋል። አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ካለች፣ ያኔ ብቻ ኳሱን ጠርጥር። አሁን ገበያውን የሞላው ርካሽ ኳስ በዓመት ውስጥ ይላላጣል፣ ክብነቱም ይጠፋል። ፊኖሊክ ሬዚን የሚባለው ውድ ነው፣ ግን ዕድሜ አለው።

ካርቶኑን ዛሬውኑ አውጣ። ካርቶን በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በክብደቱ ይጨፈለቃል፣ በየሳምንቱ ሌላ ልክ ይሰጥሃል። የሚሽከረከር ብሎን ያለው እግር ከሆነ በብሎኑ አስተካክል። ከሌለው ጠንካራ የእንጨት ሽብልቅ ጠርበህ አስገባ። ውሃ ልኩን ጨርቁ ላይ አስቀምጥ፤ የዳሩ እንጨት ላይ አስቀምጦ የሚለካ ባለሙያ ካየህ አመስግነህ ሸኘው። ኳሱ የሚሄደው እንጨቱ ላይ አይደለም። መጀመሪያ ርዝመቱን፣ ቀጥሎ ወርዱን፣ እንደገና ርዝመቱን። በርዝመቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት አትተው።

መገጣጠሚያው ከሆነ ጨርቁ መነሳት አለበት። ዝቅ ባለው ድንጋይ ስር የመጫወቻ ካርታ አንድ አንድ እያስገባህ፣ በጣትህ ጥፍር መስመሩን እየዳሰስክ አስተካክል። ጥፍርህ መደናቀፍ ሲያቆም በቃ። ክፍተቱን በቀለጠ ንጹህ ሰም ሙላና በስለት ላግ። ስቱኮ አትጠቀም፣ ተሰነጣጥቆ አሸዋ ሆኖ ጨርቁን ከስር ይበላዋል። ድንጋዩን ማንሳት ካስፈለገ ለብቻህ አትሞክር፣ ሰው ጨምር፤ በጎኑ አቁማችሁ እንጂ አስተኝታችሁ አትሸከሙት።

ፓውደሩ በጣም አናደደኝ። ለአንድ ቀን ኳሱን ያንሸራትታል፣ ከዚያ ከእርጥበቱ ጋር ሊጥ ይሆናል። ኳሶቹን አንድ በአንድ ለብ ባለ ውሃና ትንሽ ሳሙና እጠብና በደንብ አድርቅ። ጨርቁን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ለስላሳ ብሩሽ እየሳብክ አራግፍ። ጉድጓዶቹ አካባቢ የሚከማቸውን ነጭ ዱቄት በቫክዩም ምጠጥ። ከዚያ ሱፍ መሆኑን ካረጋገጥክ ለብ ባለ ካውያ፣ ያለ ውሃና ያለ እንፋሎት፣ ሳትጫን አንዴ እለፍበት። አሁን በብዛት የሚሸጠው መጋረጃ የመሰለ ናይለን ከሆነ ካውያ አታስጠጋው፣ ይቀልጣል።

ለእርጥበቱ ዋናው መድኃኒት አየር ነው። ጉሙ ሲገፈፍና ፀሐይ ስትወጣ መስኮቱን ክፈት፣ ብርዱ ሳይወርድ ዝጋ። ማታ ጠረጴዛውን በደረቅ አቡጀዲ ሸፍን። ላስቲክ አታልብስ፣ እርጥበቱን ያፍነዋል። የፑል ዘመድ የሆነው ስኑከር ትልልቅ ውድድሮች ጠረጴዛዎች ከስራቸው በኤሌክትሪክ ይሞቃሉ፤ ምክንያቱ ይኸው የጨርቅ መድረቅ ነው። አንተ ሁለት ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖሎች፣ የሽቦ መከለያ አልብሰህ፣ ከእንጨቱም ከጨርቁም አንድ ክንድ አርቀህ ከስር አንጠልጥል። ቤቱን ከመክፈትህ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለህ፣ አንተ እዚያው እያለህ አብራቸው። ሰው ሳይኖር አይበሩ።

ከሰል ግን «አንድ ቀን ብቻ» ብለህም እንዳትመልሰው። ልጁ ከበረደው ሁለት ብርድ ልብስ ግዛለት፤ ከአዲስ ኳስ በጣም ይረክሳል። ራሱን እያመመው የሚነሳ ከሆነ ነገ አትበል፣ ወደ ሐኪም ውሰደው።

የጠዋቱንና የከሰዓቱን ልክ ጻፍልኝ። ነጯ ድንገት አቅጣጫ የምትለውጥበትንም ቦታ ከየትኛው ጥግ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ጨምርልኝ፤ ጨርቁን ከመግፈፍህ በፊት የትኛው ድንጋይ እንደወረደ እነግርሃለሁ።